አራጌ በሰው በሽታ የቀና ጊዜ

ሰው በሰው ግመል ይቀናል፤ የቆቦው የግመል ደላላ አራጌ ግን በሰው በሽታ ቀና። ያው የለመደበት ነው፤ አብሮት የሚደልለው ሸረፈዲን ቢያስነጥስ እንኳ «ከኔ ማስነጠስ ይጎላል?» የሚል ሰው ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። ሸረፈዲን ደም ብዛት ተገኘበት ተባለ፤ መቶ ሰባ። የቀበሌው ሊቀመንበር ከቅዳሜው የእርከን ሥራ አውጥቶ ጥላ ሥር አስቀመጠው። እኛ ድንጋይ እንሸከማለን፣ እሱ ይመርቀናል። ሚስቱ ጨው የሌለው ወጥ ለብቻው ትሠራለታለች። የገበያው ወሬ ሁሉ «ሸረፈዲን እንዴት አደረ?» ሆነ።

አራጌን ማን እንዴት አደርክ ይበለው?

ቅናቱ ሲብስበት ክሊኒክ ሄደ። ድሬሰሯ ቆንጅት ክንዱን በመለኪያው ጠቅልላ ነፋች፣ አስተነፈሰች፣ እንደገና ነፋች።

«ጋሼ አራጌ፣ ሁለት መቶ አሥር!»

«ከሸረፈዲን በለጥኩ በይኛ፣ ልጄ?»

«የሚያስደስት እኮ አይደለም! እንዲህ ከቀጠለ ጭንቅላትዎ ውስጥ ደም ሥር ሊፈነዳ ይችላል። ቢተርፉ እንኳ ግማሽ ጎንዎ አይታዘዝም። ክኒኑን በየቀኑ ይዋጡ፣ ጨው ይተዉ።»

እሱ ግን ቁጥሩን ብቻ ይዞ ወጣ። ክኒኑን ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት፤ ቁጥሩ እንዳይወርድበት! ሚስቱ ወሰንየለሽ ጨው ብትደብቅበት ከጎረቤት ለምኖ በላ።

አንድ ቀን ገበያ መሃል ምላሱ ተሳሰረ፤ የግመሉ ገመድ ከእጁ ወደቀ። ጥቂት ቆይቶ ተመለሰለት።

«ምነው ወንድሜ፣» አለው ሸረፈዲን ደግፎት፣ «ክኒኑን አትውጥም እንዴ? እኔ እኮ መቶ ሠላሳ ገባሁ። ቆንጅት ‹ጎበዝ› አለችኝ።»

የምላሱ መተሳሰር ያላስደነገጠውን ሰው «ጎበዝ» የምትለዋ አንገበገበችው። ሸረፈዲን ክኒኑን የሚውጠው መቼ እንደሆነ አጣራ። ከዚያ ወዲያ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ክርስቲያኑ አራጌ ክኒኑን ይዞ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ጨውንም እርም አለ።

በሦስተኛው ወር መቶ ሃያ ስምንት ገባ። ከክሊኒኩ በቀጥታ ሸረፈዲን ቤት ሮጠ።

የሸረፈዲን ፊት ጠቆረ። «ወላሂ መለኪያው ተበላሽቷል! ና፣ እኔ ፊት ትለካለህ!»

እየተጨቃጨቁ ክሊኒክ ደረሱ። ቆንጅት አየቻቸውና መለኪያውን ጠቅልላ አስቀመጠችው።

«በንዴት የመጣ ሰው አልለካም። መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ተረጋጉ።»

አንዷ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ማን ቀድሞ እንደሚረጋጋ በዓይናቸው ጠርዝ እየተጠባበቁ።