ጉናጋዶ መነጽር ይዘን የወረድን ጊዜ

ባለፈው ሰሞን ዓይኔን ልታይ ጅግጅጋ ውስጥ ካለ አንድ ክሊኒክ ገብቼ ለዕድሜዬ የማይመጥን ሳቅ ሳቅኩ። ሐኪሙ ልጅ ነው፤ ጨዋ ልጅ። ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ አንድ ዓይኔን ማንኪያ በምትመስል ጥቁር ነገር አስከድኖ፣ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሰሌዳ እያመለከተ «እናቴ፣ የዚች እግሯ ወዴት ነው የዞረው?» ይለኛል። ባለ ሦስት እግሯ ጥቁር ፊደል ከላይ እንደ መስኮት ገዝፋ ትጀምርና ወደ ታች በወረደች ቁጥር እያነሰች፣ እያነሰች፣ መጨረሻ ላይ ጉንዳን ታክላለች። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የሚያነበውን ይህን ሰሌዳ ሳይ አንድ ሙሉ ገበያ ተነሥቶ «ለምን እኛን ጉንዳን አደረጋችሁን?» ብሎ ሲጮህብኝ ታየኝና፣ ሳቄ ከዚያች ጥቁር ማንኪያ ሥር አመለጠ። ልጁ ደንግጦ ውኃ አመጣልኝ።

ነገሩ ኮሮና የሚባለውን ስም ገና ሳንሰማ ነው። ያኔ ጅግጅጋ ውስጥ በእረፍት ቀን የምንሰበሰብ የበጎ ፈቃድ ክበብ ነበረን፤ ግማሾቻችን በሥራ ተመድበን ከደጋ የመጣን፣ ግማሾቹ የከተማው ልጆች። ሰብሳቢያችን መምህር አየለ የሚባል የጎጃም ሰው፣ ሁለት ሰው አንድ ጥላ ሥር ቆሞ ካገኘ ስብሰባ የሚከፍት የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ልባችን ደግሞ ኢፍራህ ነበረች፤ ጉናጋዶ ተወልዳ ጅግጅጋ የተማረች የዓይን ነርስ፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ቤት የሚገባ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወዲያ ያለውን ትምህርት ከሬድዮና ከአሮጌ ጋዜጣ የለቀምኩ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ባሌን ተከትዬ መጥቼ፣ ነፋሱንም ሰዉንም ወድጄ የቀረሁ። የክበቡን ቢጫ ሰደርያ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ጨርቅ ልቆጥብ ብዬ ሁሉንም በአንድ ልክ ስለቆረጥኩት መምህር አየለ ላይ ከእምብርቱ በላይ ቀረ፣ ኢፍራህ ላይ ካፖርት ሆነ። ለብሰነው አደባባይ ስንወጣ የባጃጅ ሾፌሮች ትራፊክ ፖሊስ መስለናቸው ይቆሙልን ነበር፤ እኛም አላረምናቸውም።

ቦይ እንጠርጋለን፣ የትምህርት ቤት ግድግዳ ቀለም እንቀባለን፣ ሸደር ወዳለው የስደተኞች መጠለያ ብርድ ልብስ ይዘን እንሄዳለን። ሸደር ላይ ልጆቹ ብርድ ልብሱን ለእናቶቻቸው ጥለው «ቢጫውን ስጡን» እያሉ ስለሚከተሉን፣ አንዳንድ ቀን ሰደርያ ለብሰን ሄደን በሸሚዝ ተመልሰናል።

ታዲያ አንድ ጊዜ መምህር አየለ በኢንተርኔት የተዋወቀው፣ እንደኛው ያለ የባሕር ማዶ ክበብ አንድ ትልቅ ካርቶን ላከልን። ሱቄ ውስጥ ስንከፍተው የሰው ቤት መሳቢያ ሽታ ወጣ፤ የቆዳ፣ የሽቶ፣ የአሮጌ ወረቀት። ሙሉው መነጽር ነው። የማዶ ሰዎች የተዉትን፣ የለወጡትን፣ ምናልባትም ያረፉ እናቶቻቸው ያደረጉትን ሰብስበው በጨርቅ እየጠቀለሉ ልከውልናል። ነብር የመሰለ አለ፤ የድመት ጆሮ ያለው አለ፤ ጠርዙ ላይ ፈርጥ የተደረደረበት ሐምራዊ አለ። ኢፍራህ እያጠበች፣ በመሣሪያ እየለካች፣ የሩቁን ለብቻ የቅርቡን ለብቻ በከረጢት ለየችው። ወዴት እንውሰደው ሲባል «እኛ አገር፣ ጉናጋዶ፣ በገበያ ቀን» አለች። ተጨበጨበ።

ጉዞው ሳይደርስ አንድ ጠዋት ኢፍራህ አክስቷን ይዛ ሱቄ መጣች። ኢዶ ኸድራ ይባላሉ፣ ኢዶ በነሱ አክስት ማለት ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይናቸው እንደ ጭልፊት። ተቀመጡና፣ በገበያ በለመዱት አማርኛ፣

«አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ አሉ። አፍስ መስፋት ትችያለሽ?» አሉኝ።

«የራሴን እችላለሁ፣ ኢዶ» አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባላቸው ሮብሌ፣ አዴር ወይም አጎት እያልን የምንጠራቸው፣ የጉናጋዶ ገበያ ዓይን ናቸው። እዚያ አገር እያንዳንዱ ቤተሰብ ግመሉን በእሳት የሚተኩስበት የራሱ ምልክት አለው፤ አንገት ላይ፣ ጉንጭ ላይ፣ ታፋ ላይ፤ ሱማድ ይሉታል። ግመል ጠፍቶ ተገኘ፣ ሁለት ሰው «የኔ ነው» ተባባለ ሲባል የሚጠሩት አዴር ሮብሌ ናቸው፤ ከሩቅ አይተው የማን እንደሆነ ይናገራሉ፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ግን የሩቁ ነገር ከጠፋባቸው ቆይቷል። ይህን የሚያውቁ ኢዶ ኸድራ ብቻ ናቸው፤ ከባላቸው ኋላ ግማሽ እርምጃ ቀርተው በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው የሚያዩትን ያንሾካሹኩላቸዋል፣ ባልየው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይፈርዳሉ።

«ይሄ ከታወቀ» አሉኝ ኢዶ ኸድራ፣ «የትናንቱ ፍርድም ይፈርሳል። ሰው ሁሉ 'ዕውር ነበር የፈረደብን' ይላል። መነጽር ስጡት። ግን መነጽር እንደሚያስፈልገው ማንም እንዳያውቅ።»

ኢፍራህና እኔ ተያየን። በሕዝብ መሐል፣ በገበያ ቀን፣ መነጽር እያደሉ መነጽር መደበቅ!

ይባስ ብሎ ሌላ ጣጣ መጣ። ማዶዎቹ ከመነጽሩ ጋር የላኩት የዓይን መለኪያ ሰሌዳ በላቲን ፊደል ነው። መምህር አየለ በሀ ሁ እንተካው አለ። ኢፍራህ «መምህር፣ ዕድሜ ልኩን ግመል ሲያግድ የኖረን ሽማግሌ ሀ ሁ አስቆጥረህ ልትጥለው ነው?» ብላ ሳቀችበት፤ ከዚያ ሳቋን አቆመችና «ሱማድ! ሱማድ የማያነብ የለም» አለች። ሁላችንም እልል አልን። እኔ ጅግጅጋ ከብት ገበያ ወርጄ በግመሎች አንገት ሥር እየዞርኩ ምልክቶቹን ቀዳሁ፤ አንዷ ግመል ነጠላዬን አላምጣ እስክትውጠው ድረስ ሥራዬን አላቋረጥኩም። ከዚያ በነጭ አቡጀዲ ላይ ከጥቁር ጨርቅ እየቆረጥኩ ሰፋኋቸው፤ ከላይ የክንድ ቁመት ያለው፣ ከሥሩ የሚያንስ፣ ከታች የጥፍር ያህል። በሕይወቴ የዚያን ያህል የኮራሁበት ስፌት የለም። የማን ምልክት ከላይ ይሁን፣ የማን ከታች የሚለውን አንዳችንም ለአፍታ አላሰብንም። ኢፍራህ እንኳ፣ የአገሩ ልጅ፣ አላሰበችም፤ ከተማ እንደዚህ ያደርጋል።

በጨለማ ተነሥተን፣ ደገሀቡር ላይ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ጠጥተን፣ አቧራ እየቃምን ጉናጋዶ ስንገባ ገበያው ሞልቶ ነበር። አቡጀዲውን በሁለት ግራር መሐል ወጥረን፣ ሰደርያችንን አስተካክለን ቆምን። ሰዉ ተሰበሰበ፣ አየ። ከዚያ ዱላ የተደገፉ አንድ ሽማግሌ ወደ ታችኛው መስመር ጠቁመው «ወርያ! ያ የኛ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አዴር» አለ መምህር አየለ፣ ደስ ብሎት።

«የነሱ እንደ ዝሆን፣ የኛ እንደ ጉንዳን?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመስማት ሶማልኛ ማወቅ አያስፈልግም ነበር። ከታች ያሉት ተቆጡ፤ መሐል ያሉት ከታች ላሉት አዘኑ፤ ከላይ ያሉት ፂማቸውን እየዳሰሱ ዝም አሉ፣ ዝምታቸውም ይብሳል። መምህር አየለ «ስብሰባ እናድርግ» እያለ እጁን ያወጣል፤ የሚያየው የለም። «ጨርቁ ይውረድ፣ እናንተም ሂዱ» የሚል ድምፅ በረከተ። በመጨረሻ አንዱ «ሮብሌ ይጠራ!» አለ። ሕዝቡ ሁሉ እያየ፣ ማየት በማይችሉት ጨርቅ ላይ ሊፈርዱ ነው።

መጡ። ማዊስ ሽርጣቸው የጸዳ፣ ጺማቸው በሒና የቀላ፣ አረማመዳቸው የዳኛ። ኢዶ ኸድራ ግማሽ እርምጃ ከኋላ፣ የሻሽ ጫፍ በአፍ ላይ። አዴር ሮብሌ አቡጀዲውን እንደሚያይ ሰው ቀና ብለው ቆዩ፤ የሻሹ ጫፍ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ተናገሩ፣ ኢፍራህም በጆሮዬ እየተረጎመችልኝ ጥፍሯን ክንዴ ውስጥ ቀበረችው።

«ትልቁን ማን ያነበዋል? ሊታወር የደረሰ። ትንሹን ማን ያነበዋል? የንስር ዓይን ያለው። እንግዲህ ንገሩኝ፤ የማን ምልክት ነው ንስር የሚፈልግ፣ የማንስ ነው ዕውር የሚዳብሰው?»

 ቀጥሎ ከታች ያሉት መሳቅ ጀመሩ፣ ፂማቸውን ሲዳስሱ የነበሩት ደግሞ ከተቀመጡበት ተነሡ፤ «እኛን ለምን ለዕውር?» አሁን ሁሉም ታች ልውረድ አለ! ያኔ ሳቁ ገበያውን ያዘው፤ ቁጣው ራሱንም አስቆት ሄደ።

ጠቡ በረደ፤ ግን አንድም ሰው ለመለካት አልመጣም። የሚቀመጥባት በርጩማ ባዶዋን ቀረች። ማን ወጥቶ «ዓይኔ ደክሟል» ይበል? እንደዚያ እንደቆምን፣ ኢዶ ኸድራ ሻሹን ከአፋቸው አወረዱና ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ባላቸውን ሳይሆን ሕዝቡን ተናገሩ፤

«ግመል እንኳ ጥርሱ ሳይታይ አይገዛም። ከማዶ የመጣ ዕቃ ሳይመረመር ይታደላል? ሮብሌ ይመርምረው!»

«ይመርምር! ይመርምር!» አለ ገበያው።

ኢፍራህ የሩቁን ከረጢት እንደ ጽዋ ተሸክማ ሮጠች። አዴር ሮብሌ በርጩማዋ ላይ በዳኛ ወግ ተቀመጡና አንድ በአንድ ማድረግ ያዙ። አንዱን አድርገው «ይሄ ሰማዩን ዝቅ ያደርጋል» አሉ። ሌላውን አድርገው «ይሄ ፍየሏን ግመል ያደርጋል፤ ለነጋዴ ስጡት» አሉ። ሦስተኛውን አድርገው ኸድራን አዩና «ይሄ ሚስትን ሁለት ያደርጋል» ሲሉ «ለኔ! ለኔ!» የሚል ጎረምሳ ጫጫታ ተነሣ፤ ኢዶ ኸድራ ባላቸውን «አንዷንም አልቻልካት» ብለው ገበያውን አሳቁት። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ከረጢቱ እየጎደለ ነበር።

የመጨረሻዎቹ አካባቢ ያ ባለፈርጡ ሐምራዊ ወጣ። አደረጉት። ፀሐይ ፈርጦቹ ላይ ስታርፍ ጉንጫቸው ላይ ትንንሽ ብርሃን ተረጨ።  ፊታቸው ከአቡጀዲው አልፎ፣ ከግራሮቹ አልፎ፣ በወዲያኛው የገበያ ጫፍ የተንበረከኩት ግመሎች ላይ ደረሰና እዚያ ቀረ። ቆይተው፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣

«የአብዲ ግመል… መቼ እንዲህ አረጀች?» አሉ።

ኢዶ ኸድራ ፊታቸውን አዞሩ። እኔና ኢፍራህ እጅ ለእጅ ተያያዝን። ሌላ ሰው ልብ አላለም። አዴር ሮብሌ መነጽሩን አወለቁ፣ በማዊሳቸው ጫፍ ቀስ ብለው ጠረጉት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሌላው ደህና ነው፣ እደሉት። ይሄኛው ግን ለሰው አይሆንም፤ ቀለሙም የሴት ነው። ሕዝብ እንዳያሳስት እኔ ጋ ይቀመጥ» ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ከዚያ በኋላ ሰልፉን ማን ይቻለው! ያን ዕለት ጉናጋዶ በነብርና በድመት ጆሮ መነጽር ተሞላ። በመርፌ ክር የሰኩ ባልቴቶች ተጨበጨበላቸው፤ ቁርዓን የሚያስቀሩ አንድ መምህር አንድ ገጽ አንብበው መነጽሩን ሳሙት። ስንሄድ ሽማግሌዎቹ «እንግዳ ባዶ እጁን አይመለስም፣ ማዶ ያለውም እንግዳ ነው» ብለው አቡጀዲው ለማዶዎቹ ስጦታ እንዲላክ ወሰኑ። ላክነው። ከወራት በኋላ በአዳራሻቸው ሰቅለው ከሥሩ ቆመው የተነሡት ፎቶ መጣ፤ ገልብጠው ሰቅለውታል፣ ጉንዳኗ ከላይ። መምህር አየለ እርማት ሊጽፍላቸው ሲል ኢፍራህ ስልኩን ቀማችው።

ከዚያ ኮሮና መጣና መሰብሰብ ተከለከለ፤ ሲፈቀድም የሚሰበሰብ ሰው አልቀረም። መምህር አየለ ዝውውሩ ተሳክቶለት አገሩ ገባ፤ ኢፍራህ አግብታ ሃርጌሳ ናት። ቢጫ ሰደርያ ለብሼ ባጃጅ ካስቆምኩ ዓመታት አለፉ። ከተማው አድጓል፣ አስፋልቱ በዝቷል፣ ሐኪሙም መነጽሩም አለ፤ የገበያ ሰው አንድ ላይ ስቆ የሚለካበት ግን የለም።

ባለፈው ዓመት የሙሽራ ልብስ ላደርስ ጉናጋዶ ወርጄ ነበር። አዴር ሮብሌ ካረፉ አንድ ዝናብ አልፏል። ኢዶ ኸድራ በገበያው ዳር ቆመው አገኘኋቸውና ሻይ ጠጣን። መነጽሩ ሠርቶ ነበር ወይ አልኳቸው።

«እጅግ!» አሉ። «ከተማ ሲገባ ያደርገዋል፣ መንገድ ላይ ያደርገዋል። ገበያው በር ሲደርስ ግን አውልቆ ኪሱ ይከተዋል። 'ኸድራ፣ ያቺ የማን ናት?' ይለኛል። መንገድ ላይ በመነጽሩ ያያትን ግመል! እኔም ምንም እንዳላየ ቆጥሬ እነግረዋለሁ። እስኪሞት እንዲሁ።»

ግመሎቹን አየን። የሻሹ ጫፍ በእጃቸው ነው፣ ወደ አፋቸው ግን የሚወስደው ነገር የለም። ወንበሬን ሳብ አድርጌ ከፊታቸው ግማሽ እርምጃ ቀደምኩና፣ ዓይኔም እውነት እየደከመ ስለነበር፣

«ኢዶ፣ ያቺ ነጯ የማን ናት?» አልኳቸው።

ከኋላዬ ጎንበስ ሲሉ ትንፋሻቸው ጆሮዬን ነካኝ።