በትር ያነሱት ሽማግሌ

አዲስ የገዛኋትን አሮጌ መርሴዲስ ሰመራ አቁሜያታለሁ፤ መውረድ ግን አቃተኝ። ፀሐይ ያጋለው የወንበሯ ቆዳ አባቴ ዱብቲ ይነዳው የነበረውን መኪና ይሸታል።

አባቴ የዱብቲ እርሻ ሥራ አስኪያጅ ሾፌር ነበር። አንድ ቀን አብሬው ስሄድ አንድ የአፋር ሽማግሌ በትራቸውን አነሱ። እዚህ አገር መንገደኛ ወሬ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም። አባቴ ግን «ቆዳው አቧራ ይጠጣል» ብሎ መስኮቱን ዘጋና አለፈ። ብዙም ሳንርቅ ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ቆርጦታል፤ ለጥቂት ተረፍን። ስንመለስ ሽማግሌው እዚያው ቆመዋል።

«ውሃው መጣ ልልህ ነበር» አሉት። «መኪናህ ታምራለች፤ ጆሮ ግን የላትም።»

አባቴ ቀና ብሎ አላያቸውም።

ዛሬ ሚሌን እንዳለፍኩ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ወደ ኋላዬ እየጠቆሙ ሊያስቆሙኝ ሞከሩ። የማቀዝቀዣው ቅዝቃዜ እንዳይወጣብኝ መስኮቱን ሳልከፍት አለፍኳቸው።

እቃዬን በሌላ መኪና ጭኖ ይከተለኝ የነበረው ወንድሜ እስካሁን አልደረሰም።