ከሠራተኛዋ ነው የገዛነው

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ነሐሴ ላይ፣ እዚሁ ሮም ነው። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ለልጄም አልነገርኳትም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። አልፈጀውም። አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ባልኩ ቁጥር ይመጣብኛል፤ ብቻዬን እያወራሁ ሰው ዞሮ ያየኛል። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የምኖረው ሮማኒና፣ የከተማው ዳር ሰፈር፣ አንድ ክፍልና ኩሽና ተከራይቼ ነው። ያኔ የምሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ሆቴል ውስጥ፣ ክፍል አጽጂ ሆኜ ነበር። ሆቴሉ ከፓርኩ በር አጠገብ ነው። ልጆች ያሏቸው ሰዎች እዚያው ያድሩና ጠዋት ወደ መጫወቻው ይገባሉ፤ እኔ ደግሞ የረገጡትን ፎጣ እሰበስባለሁ። ሥራው ወገብ ይቆርጣል። ግን አላማርርም ነበር፤ ልጄን የማመጣበት እንጀራ ነዋ!

ልጄ ሕይወት አዲስ አበባ፣ እናቴ ጋ ነው ያደገችው። ትቻት ስመጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያኔ አሥራ ሰባት ሞልቷት ነበር። እዚህ አገር ልጅን በቤተሰብ ወረቀት ማምጣት የሚቻለው አሥራ ስምንት ሳይሞላው ነው። ከሞላው አለቀ፣ ሌላ መንገድ ፈልጊ ይሉሻል። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አለ፤ ቤቱንም እንደምንም አሟላሁ። የጎደለኝ ቋሚ የሥራ ኮንትራት ብቻ ነበር፤ የበጋ ብቻ ሥራ ገቢው አይበቃም አሉኝ። ካፖዬ፣ አለቃዬ ማለት ነው፣ ሲኞራ ፓትሪሲያ፣ «በጋው ሲያልቅ ቋሚ አደርግሻለሁ፤ እንዳንቺ የሚሠራ የለኝም» ብላ ቃል ገባችልኝ። በዚያች ቃል በጋውን ሙሉ እንደ እብድ ሠራሁ።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልምጣ። ስሟን ለውጬ ትርሲት ልበላት። የአክስቴ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ስለነበረች፣ እናቴ አምጥታ ከእኔ ጋር አሳደገቻት። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ የአንዳችንን ጫማ ሌላችን ተጫምተን ነው ያደግነው። ሰው «እህትሽ ናት?» ሲለኝ «አዎ» እንጂ «የአክስቴ ልጅ ናት» ብዬ አላውቅም፤ እንዲያ ብል እናቴ በጥፊ ነበር የምትለኝ። ዛሬ ትርሲት እግዜር ሰጥቷት ቦሌ ትልቅ የልብስ ሱቅ አላት። ባሏ የመኪና መለዋወጫ ያስመጣል። ይስጣቸው፣ እሰየው ነው፤ ቅናት የለብኝም።

ግንቦት ላይ ደወለች።

«ዓለሜ፣ ነሐሴ ላይ ልጆቹን ይዘን መጣንልሽ! ያንቺን ፓርክ በስልክ አይተው መግቢያ መውጫ አሳጡን።»

«ደስ ይለኛል! እኛ ሆቴል ክፍል ልጠይቅላችሁ?»

«አበድሽ እንዴ? ዋጋውን አይቼዋለሁ፣ ሌቦች ናቸው! እህት እያለችኝ ሆቴል ላድር? እማዬ ብትሰማ ምን ትለኛለች?»

እማዬ የምትለው የእኔን እናት ነው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሬን አንኳኩቶ የገባ ዘመድ አልነበረኝም።

መጡ። ባልና ሚስት፣ ሁለት ሴቶች ልጆች፣ አምስት ሻንጣ። አልጋዬን ለባልና ሚስቱ፣ ሶፋውን ለልጆቹ ሰጠሁ፤ እኔ ኩሽና ውስጥ ፍራሽ ዘርግቼ እግሬን ፍሪጁ ሥር እየከተትኩ ተኛሁ። ባልዬው በመስኮት አየት አድርጎ፣ «ይሄም ሮም ነው?» አለ። «እንግዲህ ሮም ከኮሎሴየሙ ውጪም ሰው ይኖርባታል» አልኩት። ሳቅን። ትርሲት ውሃው ቶሎ ይቀዘቅዛል አለች፣ ፎጣው ይሻክራል አለች። እንግዳ የእግዜር ነው ብዬ ቻልኩት። ከሥራ መልስ አናኚና ሜትሮ ጣቢያ ወርጄ፣ ገበያ ገብቼ፣ ዘንቢል ተሸክሜ እየገባሁ አበስላለሁ። ትንሿ ልጅ ብቻ በሩ ላይ ጠብቃ፣ «እቴቴ መጣች!» ብላ እግሬን ታቅፈኛለች። አምስት ዓመቷ ነው። ያቺ ልጅ ድካሜን ትወስድልኝ ነበር።

ሆቴሉ ለሠራተኛ በዓመት አራት የነጻ መግቢያ ይሰጣል። ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ ነው፤ ለወላጅ፣ ለልጅ፣ ለእህትና ለወንድም ከነቤተሰባቸው። መሸጥ አይቻልም። አንዱ ባልደረባችን ሸጦ ተይዞ በዚያው ቀን ነው የተባረረው። የእኔን አራቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫቸው ነበር። ምናልባት የሕይወት ወረቀት ከተፋጠነ ብዬ፤ ላም አለኝ በሰማይ! ትርሲት ፓስፖርት የምታስቀምጥበት ስትፈልግ መሳቢያውን ከፍታ አየቻቸው።

«ዓለሜ! ይሄን ይዘሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ለሕይወት ያስቀመጥኩት ነው።»

«ሕይወት ነገ አትመጣ! ከእህትሽ ትደብቂያለሽ?»

ምን ልበል? እጅ ከፍንጅ የተያዝኩ መሰለኝ። ቅጹን ሞላሁ። ዝምድና የሚለው ቦታ ላይ «ሶሬላ» ብዬ ጻፍኩ፤ እህት ማለት ነው። ውሸት የጻፍኩ አልመሰለኝም። ዛሬም ውሸት አልነበረም ባይ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት እኔ በማለዳ ወጣሁ፤ እነሱ አርፍደው ሊመጡ ተስማማን። አራት ሰዓት ገደማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንሶላ ስቀይር ስልክ ተደወለ። ወደ ፓርኩ በር ውረጂ ተባልኩ። በአገሩ ሰዓት አሥር መሆኑ ነው፤ ዋናው ሰልፍ ያለበት ሰዓት። ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ፣ ጓንቴን ኪሴ ከትቼ ሮጥኩ።

የበሩ ኃላፊ ፓስፖርቶቻቸውን ዘርግቶ ቆሟል። «እህቴ ብለሽ ጽፈሻል፤ ኮኞሜያችሁ ግን አይገናኝም» አለኝ። ኮኞሜ እዚህ አገር የቤተሰብ ስም ነው፤ እህትና ወንድም ሁሉ በአንዱ ይጠራሉ። የኛ ፓስፖርት ላይ በዚያ ቦታ የሚገባው የአያት ስም ነው። እኔና ትርሲት ደግሞ በእናቶቻችን ነው የምንዛመደው፤ ስማችን ከየት ይገናኝ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ሰውዬው ወረቀቱን ይዞ ቀረ።

ሲኞራ ፓትሪሲያም ተጠርታ መጣች። እናቴ እንዳሳደገቻት፣ እኛ አገር ይህ እህት እንደሚባል አስረዳኋት። ፓትሪሲያ ክፉ ሴት አይደለችም። «አሎራ፣ እንግዲህ ገባኝ። እሷም ቃሏን ትስጥ፣ ጽፈን እናስገባቸው» አለችና ወደ ትርሲት ዞራ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት።

«እህትሽ ናት?»

አፍ እንኳ መክፈት አያስፈልጋትም ነበር፤ ራሷን ብትነቀንቅ በቂ ነበር።

ከትርሲት ኋላ አንድ ባልና ሚስት ቆመዋል፤ አበሾች ናቸው። አውቃቸዋለሁ፣ የእኛ ሆቴል እንግዶች ናቸው፤ ክፍላቸውን እኔ ነኝ የማጸዳው። ትርሲት እነሱን አየች። ከዚያ የእኔን ሽርጥ አየች፣ ከኪሴ የተንጠለጠለውን ጓንት አየች። ከዚያ ፊቷን አዞረች።

«አላውቃትም» አለች። «እዚህ የምትሠራ ሴት ናት። ትኬቱን ከሠራተኛዋ ነው የገዛነው።»

ገዛነው? በምን? ከአየር ማረፊያ ተቀብያት ቤቴ ከገባች ጀምሮ አንድ ጠርሙስ ውሃ እንኳ የገዛችልኝ የለም! ባልዬው መሬት መሬት ያያል። «ትርሲት!» አልኩ። ሌላ ቀን ቢሆን ምላሴ አያርፍም፤ ያን ቀን አንዲት ቃል አጣሁ።

ያኔ ነው ትንሿ ልጅ ያየችኝ። «እቴቴ!» ብላ ሮጣ መጥታ ሽርጤን ታቀፈች። ትርሲት ክንዷን ይዛ ጎትታ ወሰደቻት። ልጅቷ አለቀሰች። ከኋላ የቆመችው አበሻ ሴትዮ ሁሉን ሰምታለች፤ አንገቷን ደፍታ ስልኳን መነካካት ጀመረች። ፓትሪሲያም ልጅቷን አየች፣ እኔንም አየች። ታውቃለች። ግን ሰልፍ ሙሉ ሰው ፊት ቃል ተሰጥቷል፣ የበሩ ኃላፊም መዝግቦታል። «ዓለም፣ ወደ ላይ ውጪ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ» አለችኝ በቀስታ።

እነሱስ? ሙሉውን ከፍለው ገቡ። ውለውም መጡ።

አዎ፣ መጡ! ወዴት ይሄዳሉ? ሻንጣቸው እኔ ቤት ነው። አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ፤ አራቱም ቆመዋል። ትልቋ ልጅ ከራሷ የሚበልጥ አሻንጉሊት ታቅፋለች። በሩን ይዤ ቆምኩ። ስድቡ ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ግን ሕፃናት ናቸው፤ ደክሟቸዋል፤ እንግዳ ከበር ሲመለስ በቤታችን አላየሁም። ገለል አልኩላቸው። ይባስ ብዬ ምስር ወጥ ሠራሁ። ስከትፍ እንባዬ መጣ፤ ሽንኩርቱ ነው ብዬ አሳበብኩ።

ትርሲት ኩሽና ገብታ አጠገቤ ቆመች።

«ዓለሜ፣ ደነገጥኩ እኮ። እነዚያ ሰዎች ደንበኞቼ ናቸው፤ ሰልፍ ላይ አግኝተውኝ የት አረፋችሁ ሲሉኝ እዚሁ ሆቴሉ ብያቸው ነበር። ምን ልበል? ሮማኒና ኩሽና ውስጥ ልበል?»

«ኩሽና የተኛሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

«ነገ ሄደሽ ታስረጂያቸዋለሽ፤ ይወዱሽ የለ?»

«የሕይወት ወረቀት ነበር፣ ትርሲት።»

ድስቱን ከፍታ አየችና መልሳ ከደነችው። ከዚያ ባልዬው ከውስጥ፣ «ተዉት፣ እህትማማቾች ናችሁ፣ ትታረቃላችሁ» አለ። እህትማማቾች! ጠዋት ያቺን አንዲት ቃል ቢላት ምን ነበረበት?

ሦስት ቀን ተጨማሪ ተቀመጡ። ሦስቱንም ቀን አበላኋቸው፤ አየር ማረፊያም ሸኘኋቸው። አሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ። ትዕግሥት ነው እንዳልል ትዕግሥት አልነበረም፤ ማስወጣት አላውቅበትም ነበር።

ከዚያ ሐሙስ ማግስት ሆቴሉ ሄጄ ነበር። ፓትሪሲያ ቢሮዋ አስገብታ ቡና አዘዘችልኝ። «እኔ አምንሻለሁ፤ ግን ወረቀቱ ከእኔ እጅ ወጥቷል» አለችኝ። ኮንትራቴ ተቋረጠ። ቋሚው ቀረ። ሌላ ሥራ ፍለጋ ሮምን ዞርኳት። ሽማግሌ የመንከባከብ ሥራ አገኘሁ፣ ግን በቃል ነው፣ ወረቀት የለውም። ቋሚ ወረቀት ያለው ሥራ ሳገኝ ሕይወት አሥራ ስምንት ከሞላት ሁለት ወር አልፏት ነበር። ጉዳዩን የያዘችልኝ ሴት ፋይሉን ዘግታ ስትመልስልኝ «ሚ ዲስፒያቼ» አለችኝ፣ አዝናለሁ ማለቷ ነው። እኔም «ግራትሲዬ»፣ አመሰግናለሁ፣ ብዬ ወጣሁ።

ለሕይወት «ሥራው ቀዝቅዞ ሰው ቀነሱ» አልኳት። «ግድ የለም እማ» አለች። ግድ የለም ስትል ድምጿ እንዴት እንደነበር አልጽፈውም።

እናቴ አሁን ደክማለች፤ ዓይኗም እምቢ ብሏል። ሕይወት ኮሌጅ ለመክፈል ሥራ ስትፈልግ ማን ቀጠራት? ትርሲት! ቦሌ ሱቋ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ትርፍ ክፍል አለኝ ብላም ቤቷ አስገብታታለች። ልጄ ስትደውል «አክስቴ ትርሲት እንደ ልጇ ነው የምታየኝ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ በደንብ ይዛታለች። ሰዎች ንስሐ ነው ይሉ ይሆናል። ይሁን። እኔ ግን ልጄን ከእኔ ነጥቃ እኔኑ ውለታ ውስጥ የከተተችኝ ነው የሚመስለኝ። በየእሑዱ ስልኩን ትቀበላትና፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ «እግዜር ይስጥልኝ» እላታለሁ። «አንቺም ብትሆኚ ታደርጊልኝ ነበር» ትለኛለች።

ያለፈው እሑድ ደግሞ ሌላ አመጣች። «ዓለሜ፣ ልጆቹ ያንን ፓርክ ጨርሶ አልረሱትም። ዘንድሮም ነሐሴ እንመጣለን። መቼም ሆቴል አንገባም፤ አንቺ ጋ ነን።»

ተናደድኩ። ከጀርባዋ የሕይወት ሳቅ ይሰማኛል፤ ከትንሿ ልጅ ጋር እየተጫወተች ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው። አንዱንም አላልኩ።

«ኑ» አልኳት። ልጄ እሷ ቤት ናት፤ ሌላ ምን እላለሁ?