ጥጉ ላይ የቆመው ሰውዬ

የባለቤቴ የአስናቀ አርባ ካለፈ በኋላ ልብሱን ለነዳያን ልሰጥ ሳጣጥፍ፣ ከአሮጌው ግራጫ ካፖርት የውስጥ ኪስ ጣት የምታህል እንጨት ወደቀች። ወገቧ ቀጠን፣ አናቷ ሞላ ያለ፣ በብዙ ሰው እጅ ተሻሽታ የለሰለሰች ናት። አፍንጫዬ ላይ ሳስጠጋት የጠመኔና የእርጥብ ሱፍ ሽታ ያላት መሰለኝ፤ የዚያን ቀን ሌላ ልብስ አላጣጠፍኩም።

ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ዳር፣ አባቴ ከረምቡላ ቤት ነበራቸው። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰው ሰፊ ጠረጴዛ መካከል ላይ አምስት እንዲህ ያሉ እንጨቶች ይቆማሉ፤ ተጫዋቹ ስቴካ በሚሉት ረጅም ዱላ ኳሱን መትቶ፣ በኳስ ኳስ አስነክቶ እንጨቶቹን ይጥላል። አባቴ ዲያቆን ሆነው ስላደጉ ይሁን አላውቅም፣ ሰው ሲያነጣጥር ቤቱ እንደ ቅዳሴ ጸጥ እንዲል ይፈልጉ ነበር። በሚመታው ሰው ፊት አይቆምም፣ ከኋላውም አይታለፍም፣ ኳስ ሳይቆም አይወራም። ስቅታ የያዘው ሰው ማንም ሳያዘው ወጥቶ፣ ስቅታውን ደጅ ጨርሶ ይመለሳል። ከእኛ ከባለቤቶቹ ቤተሰብ በኩል ድምፅ ተሰምቶ ተጫዋች ከሳተ ደግሞ ምቱ ይደገምለታል።

የዚህ ሥርዓት ጠባቂ ጋሽ ዘለቀ ነበሩ። በወጣትነታቸው የተደነቁ ተጫዋች ሆነው፣ ዓይናቸው ቀስ በቀስ ጠፍቶ፣ በግድግዳው ሥር ወንበር ይዘው ጨዋታውን በጆሯቸው ይከታተላሉ። ስንት እንጨት እንደወደቀ፣ የትኛው እንደወደቀ ሳይቀር ከድምፁ ይናገራሉ። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ሳለ ድንገት፣ «ጥጉ ላይ ያለኸው፣ ፈቀቅ በል» ይላሉ፤ እውነትም አንዱ እግሩን አንሸራቶ ይገኛል።

እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችንን ከአዳራሹ የሚለየው አንድ መጋረጃ ስለነበር፣ ከኋላው ቆሜ በቀዳዳው አያለሁ። አባቴ ሁለት ጊዜ ይዘውኝ፣ ሦስተኛ ካገኙኝ ከትምህርት ቤት አውጥተው ጉና ሥር ካለው አጎቴ ዘንድ ድንች ስቆፍር እንድኖር እንደሚሰዱኝ ምለው ነበር። አባቴ ደግሞ ምለው አያጥፉም።

ያን ክረምት በሐሙሲት መስመር የሚሠራ አንድ ሾፌር መምጣት ጀመረ። ሌላው ሲያነጣጥር ያፏጫል፣ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ያንቃጭላል። ጋሽ ዘለቀ ሲገስጹት በአንተ ነበር የመለሰላቸው፤ «ዓይን የሌለው ቆጣሪ የት አገር አለ? አንተን ብሎ ዳኛ» አለ። ቤቱ ውስጥ ሽማግሌ አንተ ሲባል ሰምተን ስለማናውቅ ሁላችንም እኛ የተሰደብን ያህል ደነገጥን። ሾፌሩም አላበቃም፤ አንድ ጨዋታ እንግጠም፣ እኔ ካሸነፍኩ ይህ ሰውዬ ወንበሩን ይዞ ደጅ ይውጣ፣ ከተሸነፍኩ እኔ ሁለተኛ አልረግጥም አለ። አባቴ እምቢ ሊሉ ሲሉ ጋሽ ዘለቀ ራሳቸው፣ «ይሁን፤ አስናቀ ይጫወትልኝ» አሉ። አስናቀ ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በዚያው ግራጫ ካፖርት ውስጥ የጠፋ ልጅ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ጭጋጉ ደጃፉ ድረስ ወርዶ ነበር። ጨዋታው ወደ መጨረሻው ደርሶ ለአስናቀ አንድ ምት ቀረው፤ የመሀሏን እንጨት ብቻ ቢጥል ያሸንፋል። ጎንበስ አለ። ቁልፉ እንኳ ዝም አለ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ፣ ሳላስበው፣ «አይዞህ» አልኩ።

ሳተ። ኳሱ እንጨቷን በፀጉር ስንጥቅ አልፏት ሄደ።

«ማነው?» አሉ አባቴ። ፊታቸው ወደ መጋረጃው ዞረ። ጋሽ ዘለቀ ግን ጭንቅላታቸውን ወደ ሌላው ወገን፣ ማንም ወዳልነበረበት ባዶ ጥግ አዙረው፣ «ከቤተሰብ አይደለም። ጥጉ ላይ የቆመው ሰውዬ ነው። ቆይቷል እኮ እዚያ» አሉ። ምቱ አልተደገመም፤ አስናቀ ተሸነፈ። ጋሽ ዘለቀ ተነሥተው ወንበራቸውን በአንድ እጅ፣ ግድግዳውን በሌላው ይዘው ወጡ። ያ ሁሉ ወንድ ጥጉን ሲያይ፣ እጃቸውን ይዞ የሚመራቸው እንኳ አልነበረም።

በዚያው ምሽት የመሀሏ እንጨት ጠፋች። ሰውዬው ወሰዳት ተባለ። አባቴ ከወይራ ሌላ አስቀረጹ፤ ጥጉ አጠገብ ግን ከዚያ ወዲያ የሚቆም አልተገኘም። ሾፌሩ ራሱ ሲያነጣጥር አንድ ዓይኑ ወደዚያ እየሸሸበት ይስት ጀመር፤ ቁልፉንም ማንቃጨል ተወ፤ ከዚያ ሁሉ ተግሣጽ ይልቅ የሌለ ሰው ጨዋ አደረገው። እዚያ ማንም እንዳልነበረ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ እኔም ግን በጥጉ አጠገብ ሳልፍ እሮጥ ነበር። ጋሽ ዘለቀ ክረምቱን በሙሉ ከቆርቆሮው ጠፈጠፍ ሥር ተቀምጠው ጨዋታውን በግድግዳው በኩል አዳመጡ። ሳልና ነፋስ ሲበዛባቸው አንበሳሜ እህታቸው ዘንድ ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም። «እኔ ነኝ» ብል ይገቡ ነበር። አላልኩም። ተማርኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ አስናቀን አገባሁ፤ ለእሱም አልነገርኩትም።

ሊያርፍ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አስናቀ ከአልጋው ትይዩ ያለውን ጥግ ብዙ ሲመለከት ቆየና፣ «ያን ሰውዬ ፈቀቅ በል በይው» አለኝ። ዞሬ አየሁ፤ ከውሃው ጀሪካን በቀር ምንም የለም። ያን ጊዜ ተናዘዝኩ። «አስናቀ፣ ያን ቀን ማንም አልነበረም። እኔ ነበርኩ» አልኩት።

ፈገግ አለ። «አውቃለሁ። ከመጋረጃው ሥር እግርሽ ይታይ ነበር።» ትንሽ ተነፈሰ፤ ዓይኑን ግን ከጥጉ አልነቀለም። «ይሄኛው አንቺ አይደለሽም» አለኝ።

አሁን እንጨቷ ጠረጴዛዬ ላይ ቆማለች። አስናቀ ለምን እንደሰረቃት ገብቶኛል፤ ሰዎቹ ዳግም ወደ መጋረጃው እንዳይዞሩ ነው። አንዱ ደጅ ወጥቶ፣ ሌላው እንጨት ደብቆ፣ ሁለት ሰዎች ለእኔ ብለው ዝም አሉ፤ ይህን ለመጻፍ ያበቃኝን ትምህርትም የጨረስኩት በእነሱ ዝምታ ነው። አዳራሹ ፈርሷል፤ በዚህ ቤት ከእንግዲህ የሚያነጣጥር የለም፤ እኔ ግን አሁንም ቀስ ብዬ እራመዳለሁ። ትናንት ጀሪካኑን አንሥቼ በቦታው ወንበር አስቀመጥኩ። ጥጉን ደፍሬ ባላየውም፣ «ይቀመጡ፣ ጋሼ» አልኩ።