ይበልጣል ኬብል ካር ውስጥ የተናዘዘልኝ

ባለፈው ወር አንድ እሁድ ጠዋት... እኔና የሚስቴ ወንድም ይበልጣል በብረት ገመድ ተንጠልጥለን ገደል ላይ ነበርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለታችንም ቡሬ ውስጥ የግብርና ባለሙያዎች ነን። ለሦስት ሳምንት የድንች ዘር ሥልጠና ደቡብ አሜሪካ ተላክን። የሄድንባት ከተማ ተራራ ላይ የተሠራች ናት፤ ሰው ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ቆሞ ይተነፍሳል። የደጋ ልጆች ነን ብለን ስንፎክር የነበርነው እኛም በሁለተኛው ቀን ራሳችንን ይዘን ተኛን።

በእረፍታችን ቀን አሠልጣኞቹ «ኬብል ካሩን ሳታዩ እንዳትሄዱ» አሉን። ስድስት ሰው የምትይዝ ባለመስታወት ክፍል ናት፤ በገመድ ተንጠልጥላ ከከተማው ዳር እስከ ተራራው አናት ትወጣለች። ይበልጣል ገና ሲያያት ፊቱ ተለወጠ።

«እኔ ከታች ሆኜ ባይህስ?» አለኝ።

ሣቅሁበትና እጁን ይዤ አስገባሁት። ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ከተማዋ እየራቀች፣ ቤቱ ሁሉ ሸለቆ ውስጥ የተበተነ ጠጠር እየመሰለ ሄደ። ስልኬን አውጥቼ ለደብሬ ቪዲዮ እቀርፃለሁ። ደብሬ ሚስቴ ናት፤ የይበልጣል ታናሽ እህት።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። ክፍሏ ቀጥ ብላ ቆመች... ቆማም ትወዛወዛለች። ከእግራችን በታች ገደል ብቻ ነው። በድምፅ ማጉያ በማናውቀው ቋንቋ የሆነ ነገር ተነገረ።

ይበልጣል ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «እመብርሃን... እመብርሃን...» ይላል። ድንገት እግሬን ጥምጥም አድርጎ ያዘኝ።

«ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። ይዤው እንዳልሞት።»

«ምኑን?»

«የባንቺአምላክን ነገር።»

ባንቺአምላክ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ፍኖተ ሰላም ላይ ላገባት የነበረች ልጅ ናት። ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ ሦስት ሰው። ሦስተኛው የልብ ጓደኛዬ ይበልጣል ነው። አባቷ መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ተቀበሉ። ለሁለተኛው ቀጠሮ ሲሄዱ ግን «ልጃችን ገና ናት» ብለው መለሷቸው። ምክንያቱን ሳላውቅ ቀረሁ። ደሞዜ አንሷቸው ይሆናል አልሁ። ያን ክረምት ይበልጣል ከጎኔ አልተለየም፤ እየጎተተ ቤታቸው ወስዶ ያበላኝ ነበር። ደብሬን በደንብ ያወቅኋት እዚያ ነው።

«ምን አድርገህ ነው?» አልሁት።

«ክፉ አልተናገርሁም... አያትህን አመሰገንኋቸው እንጂ።»

«አያቴን?»

«አባትዮው ለብቻዬ ጠርተው ስለ ዘመዶችህ ጠየቁኝ። ‹የአያቱን ማሰሮ ያልገዛ ሰው ቡሬ ውስጥ የለም፣ እጃቸው የተባረከ ነው› አልኋቸው። ይኸው ነው። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።»

ለማያውቅ ሰው ምስጋና ነው። እኛ አገር ግን ሸክላ ሠሪ ሲባል «ቡዳ ነው» ብሎ የሚሸሽ፣ ልጁንም የማይድር ሰው ዛሬም አለ። አያቴ ሸክላ ሠርታ አታውቅም። ከሠሪዎቹ እየገዛች ገበያ ላይ ትሸጥ ነበር። ብትሠራስ? ብትሠራስ ምን ነበረበት?

«ለምን?» አልሁት።

«እህቴን እንድታገባት ፈልጌ ነዋ። ካንተ የተሻለ ሰው አልታየኝም።»

እንግዲህ ፍረዱኝ... እንዲህ ያለ ውዳሴ ሰምቼ አላውቅም። እንዲህ ያለ ክህደትም።

ወዲያው ክፍሏ ነቅነቅ አለችና መውጣት ጀመረች። የቆመችው ሦስት ደቂቃ አይሞላም፤ ነፋስ ሲበረታ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው አሉን በኋላ። ይበልጣል ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረ። ከአፉ ያወጣውን መልሶ ሊውጠው እንደፈለገ ያስታውቃል።

አናቱ ላይ ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሣል። አንዲት ሴት ስልኬን ተቀብላ ተጠጉ አለችን በእጇ። ተጠጋን። ይበልጣል ትከሻዬ ላይ እጁን ጣል አደረገ... እኔም አላወረድሁትም። በፎቶው ላይ የሁለታችንም ጥርስ ይታያል።

ከዚያ በኋላ በቀሩን ቀናት አንድ ክፍል እያደርን ንግግራችን «ደህና አደርህ» ብቻ ሆነ።

ቡሬ በገባሁ በማግሥቱ ለደብሬ ልነግራት ቁጭ አልሁ። ከወንድሟ ጋር ትጣላለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ግን ምን ላድርግ፣ ይዤው መኖር አልቻልሁም። ምስጋናውንም፣ ማሰሮውንም፣ ሁሉንም ነገርኋት።

ደብሬ የልጆቹን ልብስ እያጠፈች ነበር። የያዘችውን አጥፋ ጨረሰች።

«ይበልጣል የዋህ ነው» አለችኝ። «እሱ ይህን ከየት ያመጣዋል? እሱማ ‹ይጠጣል› ሊላቸው ነበር ያሰበው። ይጠጣል ቢባል መክረው ይድሩልህ ነበር። አያቱን አመስግናቸው ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«እወድህ ነበር። ሴት ልጅ ደግሞ ‹እወድሃለሁ› ብላ አትጀምርም። ታዲያ ሌላ ስታገባ ቆሜ ልይህ?»

ልብሱን አስቀመጠችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«አሁን ይቆጭሃል?»

ስምንት ዓመት በትዳር ኖረናል። ሁለት ልጆች አሉን። አንድ ቀን አስከፍታኝ አታውቅም። ባንቺአምላክም መራዊ ከተማ አግብታ ወልዳለች ሲሉ እሰማለሁ። አያቴ ግን በገዛ ቤተሰቤ አፍ ምን እንደተባለች ሳታውቅ አረፈች...

ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ ለደብሬ መልስ አልሰጠኋትም።