በቅቤ የታሸ ምንሽር

ወሩ ኅዳር ነበር። ዝናቡ ካበቃ ቢቆይም አገራችን ጥርባ ላይ ጉሙ እስከ ረፋድ አይነሳም፤ ቀርከሃው ያንጠባጥባል፣ ብረት ሁሉ ይዝጋል። የመጀመሪያ ልጄን ገና ጡት አላስጣልኩም። በዚያ ሰሞን ነብር ከመንደራችን ሁለት ጥጃና አንድ ውርንጭላ ወሰደ። ዱካውን ወርጄ አይቼዋለሁ፤ ክብ ነው፣ ጥፍር የለበትም። ጅብ ቢሆን ጥፍሩ ጭቃው ላይ ይታይ ነበር።

ለአደን የወጣነው ሦስት ነን፤ አባታችሁ፣ ታናሽ ወንድማቸው ቢተውና እኔ። ሴት ምን ልታደርግ ሄደች ትሉ ይሆናል። ጥይቱ የሚቀመጠው እኔ ሙዳይ ውስጥ ነበር፤ ያለን ሰባት ብቻ ነው። ዋናው ምክንያት ግን ዋርሳዬን ቢተውን አለማመኔ ነው። ምንሽር ጠመንጃው የአባታቸው ነበር፤ እሳቸው ሲሞቱ ለታላቁ ልጅ ለአባታችሁ ደረሰ። ቢተው ቅር እንዳለው አገር ያውቃል። በዚያ ሳምንት ለሠርግ ብሎ ተውሶት ሐሙስ ዕለት ሲመልሰው ዓይኔን የሸሸ መሰለኝ። ባሌ ቢሞቱ ጠመንጃውም መሬቱም ወደ ማን እንደሚሄድ አስብ ነበር።

ጠመንጃውን ተቀብዬ ዙሪያውን ፈተሽኩት። ከዚያ እንደ ልማዴ እንዳይዝግ የአፈሙዙን ውስጥ በቅቤ አሸሁት። በእኛ ቤት የጠመንጃ ዘይት የሚባል አይታወቅም፤ በእናቴም ቤት ብረት የሚታሸው በቅቤ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሊወጡ ሲሉ ጠመንጃው ዒላማ ሳይሞከር አይሄድም ብዬ በር ላይ ቆምኩ። ቢተው ሳቀብኝ። «ነብሩንም ሞክሪው እንግዲህ፣ ዋርሳዬ» አለኝ።

ማዶ ተዳፋቱ ላይ አመድ የቀባነውን ቅል አስቀመጥን። ሁለት መቶ ርምጃ ነው፤ ራሴ ቆጥሬዋለሁ። አባታችሁ በደረታቸው ተኙ፣ ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አጠበቁ፣ ትንፋሻቸውን አውጥተው ሲጨርሱ ቃታውን ቀስ ብለው ሳቡ። የሣሩን ጫፍ እያየሁ ነበር፤ ነፋስ የሚባል የለም። አፈሩ የተነሳው ግን ከቅሉ በስተቀኝ ክንድ ያህል ርቆ ነው። አባታችሁ ዒላማ የሚስቱ ሰው አልነበሩም።

«ጋሼ፣ ይድገሙት» አለ ቢተው። «ያደረ ጠመንጃ የመጀመሪያ ጥይቱ አይታመንም።»

ጥይታችንን ሊያስጨርስ ነው አልኩ በልቤ። ሙዳዩን ዘጋሁ። ባሌን ወደ ጎን ጠርቼ «ማነጣጠሪያውን ነክቶታል» አልኳቸው። ጠመንጃውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችውን ማነጣጠሪያ በቢላ ጀርባ ወደ ቀኝ መታ መታ አደረጓት። ሁለተኛ ጥይት አልተተኮሰም። ቢተው ቆሞ አየን፤ ምንም አልተናገረም። ዝምታውንም እንደ ጥፋት ቆጠርኩበት።

ነብሩ የገደለውን ጥጃ ቀርከሃ ሥር ደብቆት ነበር። ነፋሱ ከእሱ ወደ እኛ እንዲመጣ አድርገን ከበላይ በኩል ተኛን። እኔ ከቀርከሃው ይልቅ ቢተውን ነበር የምጠብቀው። ፀሐይ ዘንበል ስትል ነብሩ ወጣ። ራሱን ወደ ቀኝ አድርጎ ጎኑን ሰጠን። አባታችሁ ከትከሻው ኋላ አልመው ተኮሱ። ጥይቷ ከታለመው ወደ ግራ ርቃ ታፋውን መታችው። ነብሩ አንድ ጊዜ ተወራጭቶ ቀርከሃው ውስጥ ገባ።

የቆሰለ ነብር ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ ነገ ውኃ የምትቀዳውን ሴት ይበላል። ደሙን ተከትለን ገባን። ቢተው ጦሩን ይዞ፣ ማንም ሳያዘው፣ ከወንድሙ ፊት ቀደመ። ዒላማውን ሊከልል ነው ብዬ ተጠራጠርኩ። ይህን እያሰብኩ ሳለ ቀርከሃው ተንኮሻኮሸ፤ ነብሩ ከአሥር ርምጃ በማይበልጥ ቦታ ተነስቶ ቢተው ላይ ወጣ። ጦሩ ተሰበረ። ቢተው ጋቢ የጠቀለለበትን ግራ ክንዱን አፉ ውስጥ ጨመረለትና አብረው ወደቁ። አባታችሁ ጠመንጃውን አንስተው ቀሩ፤ ጥይቷ ወዴት እንደምትሄድ አላወቁም፤ ወንድማቸውን ፈሩለት።

«አስጠግተው! አስነክተው ይተኩሱ!» አልኩ።

ሮጠው አፈሙዙን የነብሩ ጆሮ ሥር ተክለው ሳቡ።

ቢተውን በበቅሎ እንጅባራ ሐኪም ቤት አደረስነው። ክንዱ ተረፈ፤ ሦስት ጣቶቹ ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም። እኔ ግን ጥርጣሬዬ አለቀቀኝም፤ በሳምንቱ አባታችሁን እንደገና ወደ ተዳፋቱ አወጣኋቸው። የጠመንጃውን ውስጥ በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ተኮሱ፤ ወደ ግራ ሄደች። ማነጣጠሪያዋን የድሮ ቦታዋን ወደሚያሳየው ጭረት መልሰው ተኮሱ፤ ቅሉ ተሰበረ። በመጨረሻ በቅቤ አሽቼ ሰጠኋቸው፤ ጥይቷ ወደ ቀኝ ሄደች። ሁለታችንም ተያየን። በብርድ የረጋው ቅቤዬ ነው የመጀመሪያዋን ጥይት ያጣመመው። ማነጣጠሪያውን ማንም አልነካውም፤ ያበላሸነው እኛ ነን።

እናንተ በበዓል ቀን ዒላማ ስትተኩሱ ይህን ያዙ። የአፈሙዙን ውስጥ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ጥረጉት። ነፋስ ከጎን ከመጣ እስኪያልፍ ጠብቁ። በአንዲት ጥይት ተነስታችሁ ማነጣጠሪያ አትምቱ፤ ቢያንስ ሦስት ተኩሱና ከዚያ ፍረዱ። ሦስቱን ጥይት እኔን ጠይቁኝ፤ አልከለክልም።

ከሐኪም ቤት እንደተመለሰ ቢተው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁትና ሁሉንም ነገርኩት። ቅቤውንም፣ ባሌን ወደ ጎን ጠርቼ ያልኩትንም።

«አውቄያለሁ» አለኝ። «ጋሼን ምን እንደምትያቸው ያልገባኝ መስሎሽ ነበር?»

ታዲያ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅሁት።

«ብናገር ታምኝኝ ነበር? ቀርከሃው ውስጥ ከጋሼ ኋላ ብሄድ፣ ከጀርባ ይወጋቸዋል ብለሽ በፍርሃት ልትሞቺ ነው። ከፊት ልሁንና እያየችኝ ልቧ ይረፍ አልኩ።»

 የክንዱ ማሰሪያ ላልቶ ነበርና ፈትቼ አሰርኩለት። አጠበቅሁት ብዬ ፈርቼ መልሼ አላላሁት። ሦስተኛ ልፈታው ስል በደህና እጁ እጄን ያዘኝና «ተይው ዋርሳዬ፣ አላመመኝም» አለኝ። እንዳመመው ግን ፊቱ ላይ አይቻለሁ።