አሥሩ አሸናፊዎች

አጎቴ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው፤ አሮጌ ዕቃ ሲጣል ካየ ደሙ ይፈላል። አንድ ቀን የሰፈራችን ጨዋታ ቤት ባለቤት ቁም ሣጥን የሚያክል፣ ሳንቲም እየከተቱ የሚጫወቱበት አሮጌ የቪዲዮ ጌም ማሽን አመጡለት። ጨዋታውን እየቆራረጠ ያስቸገረውን የውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ቦርዱን፣ መቀየር ቀላል ነበር፤ ግን ከቦርዱ ጋር ማሽኑ የመዘገባቸው፣ ከፍተኛ ነጥብ ያመጡ የአሥሩ አሸናፊዎች ስምና ነጥብ ይጠፋል።

«ይጥፋ፣ ተወው» አሉት ባለቤቱ።

«ሰው ላቡን ያፈሰሰበትን እኔ አልሰርዝም» አለና ዝርዝሩን ወረቀት ላይ ገለበጠ።

አዲሱ ቦርድ ስም የሚቀበለው ተጫውቶ ነጥብ ካመጣ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ አጎቴ፣ ሚስቱ «በስተርጅና ልጅነት» እያለች ስትስቅበት፣ ሁለት ወር ሙሉ በምሳ ሰዓቱ ተጫወተ። የአንዱ ሰው ነጥብ ላይ ሲደርስ ሆን ብሎ ይሸነፍና የዚያን ሰው ስም ይጽፋል። አንደኛው ነጥብ ላይ ሲደርስም፣ ማለፍ እየቻለ እጁን ከመጫወቻው አነሳ።

አሁን አሥሩም በየደረጃቸው ተሰልፈዋል። አጎቴ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።